«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ድሩን ማን አደራው?

ይህን አባባል ያልሰማ ሰው መቼም የለም። የእቁብ ስብሰባ ላይ ይባላል። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይጻፋል። እዚህ ሀዋሳ ደግሞ አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይ አይቼዋለሁ። ባጃጁ ብቻውን መሀል መንገድ ቆሞ ሰልፉን ሁሉ ዘግቶ ነበር።

ትርጉሙን ስንጠየቅ «አንድነት ኃይል ነው» ብለን እናልፋለን። ስህተት የለውም። ግን የአባባሉን እንብርት ይስታል ባይ ነኝ።

ከቃሉ እንነሳ። «ድር» ሲባል ብዙዎቻችን ሸረሪት ነው የሚታየን። ኮርኒስ ጥግ የተንጠለጠለ፣ በመጥረጊያ ጫፍ የሚጠፋ ነገር። ያ ብን ያለ ክር አንበሳ አሰረ ሲባል ግነቱ ራሱ ያምራል። ድር ግን የሸማኔም ነው። ሸማ ድርና ማግ አለው። ድሩ በቁመት ይዘረጋል (ይህን መዘርጋት «ማድራት» ይሉታል)፣ ማጉ በመወርወሪያ እየተወረወረ በአግድም ይገባል። የሀበሻ ቀሚስ ሲታይ «ጥለቱ እንዴት ያምራል!» እንላለን። «ድሩ እንዴት ያምራል» ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ድር ከሌለ ግን ጥለቱ የሚያርፍበት የለም።

«ቢያብር» የሚለው ከግዕዙ «ኀበረ» የመጣ ነው። ማኅበርም፣ ኅብረትም፣ ተባባሪም የዚሁ ቃል ልጆች ናቸው። ልብ በሉ፣ ተረቱ «ድር ቢበዛ» አላለም። የበዛ ሁሉ አያብርም። የተተበተበ ልቃቂት ለመፍታት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፣ ብዛቱ እዳ ነው። ያኔ የሚፈለገው ውሉ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ጉደኛ ነው። የክሩ ጫፍም «ውል» ነው፣ ሰዎች ተስማምተው የሚፈራረሙትም «ውል» ነው። ውሉ የጠፋበት ልቃቂትና ውል የሌለው ስብስብ መጨረሻቸው አንድ ነው።

«ያስር» ማለት ያስራል ነው። ጭራው የተቆረጠው ቤት እንዲመታ ነው፦ ድር፣ ቢያብር፣ ያስር።

ስለ አንበሳው አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ሞዓ አንበሳ» በነገሥታት ማኅተም ላይ ይቀረጽ በነበረበት አገር፣ አንበሳ ስለማሰር የሚያወራ ተረት በየጓዳው መባሉ ፈገግ ያሰኘኛል። የገባው ይገባዋል። ተናጋሪው ቢጠየቅ ደግሞ «እኔ ስለ ሸረሪት ነው ያወራሁት» ብሎ ይወጣል።

አንድ ጊዜ እዚሁ ከተማ፣ ከጋሞ የመጣ ሸማኔ ድር ሲያደራ ቆሜ አይቻለሁ። ግቢው ውስጥ ችካል ተክሎ፣ ክሩን እየለቀቀ፣ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንደገና ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ባለሙያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሥራው የሚጀምረው ግን በእግር ነው። «ጋሼ፣ ይሄ አያሰለችም?» አልኩት። «መሸመኑማ ቀላል ነው፣ ልፋቱ እዚህ ጋ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ተረቱን እንደገና ያነበብኩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልውሰዳችሁ። የእኛ መንደር ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ መውረጃ አጥቶ በየግቢው ይገባ ነበር። ለሁለት ክረምት እያንዳንዳችን በየፊናችን ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትን። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ በጀት የለም፣ አንዴ ደግሞ ማመልከቻዬ «አልተገኘም»። ጎረቤቴም ልክ እንደኔ ተመላልሳለች። ሁለታችንም የምንመላለሰው ለአንድ ጉዳይ መሆኑን የተነጋገርነው ለቅሶ ቤት ነው።

ነገሩን ያነሳችው አንዲት እናት ናት፣ ድንኳን ውስጥ። «ሬሳ ለማውጣት በአንድ ጥሩንባ የምንነቃ ሰዎች፣ ውሃ ለማውጣት እንዴት ያቅተናል?» አለች። ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። የእድራችን ዳኛ በሚቀጥለው እሁድ ከመዋጮ በኋላ ማንም እንዳይሄድ አሉ። እሁድ አምስት ሰው ተመረጠ፣ ከአምስቱ ሦስቱ ሴቶች። ጸሐፊው አንድ ደብዳቤ ጻፈ። የእድሩ መዝገብ ላይ ስማችን ከነቤታችን ሰፍሮ ስለነበር ፊርማ ማሰባሰቡ ከሰዓት በፊት አለቀ። አምስቱ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየተፈራረቁ ቢሮው ደጅ ተገኙ። ቦዩ የተቆፈረው ከአራት ወር በኋላ ነው። ጉልበቱን ግማሽ እኛ አዋጣን።

ሰው ይህንን ሲሰማ «አያችሁ፣ ስትተባበሩ!» ይላል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰፈሩ በአንድ እሁድ አልተባበረም። ድሩ ለዓመታት ሲደራ ኖሯል። በወር በወር መዋጮ፣ ድንኳን በመትከል፣ አግዳሚ በመሸከም፣ በአሥራ አምስት ብር ጎደለ ተብሎ በመጨቃጨቅ። ገንዘብ ያዡን የመረጥነው እኛ ነን። አንዴ በድምፅ ያወረድነውም እኛ ነን። ዴሞክራሲ የሚባለውን ነገር ከሬዲዮ ሳይሆን ከእድር ነው የተማርኩት ብል አላጋነንኩም።

«ታዲያ እድር ፓርቲ ይሁን?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሁን። እድራችን ውስጥ የአንዱም የሌላውም ፓርቲ ሰው አለ። ቀብር ላይ አብረው ይሸከማሉ። እያልኩ ያለሁት ፖለቲካም ይህንኑ የሸማኔውን እግር ይፈልጋል ነው። በ2011 የወጣው የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ፣ ቁጥሩ 1162፣ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት እንዲኖሩ ደነገገ። ፊርማ በዘመቻ ይሞላል። ግን የፈረመው ሰው ከምርጫ በኋላ ስለ ቦዩ ለማን እንደሚነግር ካላወቀ፣ ያ የስም ዝርዝር እንጂ ድር አይደለም። ምርጫ ሲደርስ ብቻ ድምፅ ማጉያ ጭኖ የሚመጣ ፓርቲ፣ ድር ሳያደራ ጥለት ሊያወጣ የተቀመጠ ሸማኔ ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። እኛ አገር «አደረጃጀት» የሚለው ቃል ራሱ ሰው ያንገሸግሻል። በኢሕአዴግ ጊዜ አንዱ አምስቱን የሚመራበት «አንድ ለአምስት» የሚባል ነበር፣ «የልማት ሠራዊት» የሚባል ነበር። ወሬው ከታች ወደ ላይ፣ ትእዛዙ ከላይ ወደ ታች። እዚሁ ሀዋሳ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ አጥማጆቹን እዩ። መረባቸውም ክር ነው፣ ክሩም ተያይዟል፣ እንዲያውም ከድር ይጠነክራል። ግን መረብን ዓሣ አልሠራውም። ላዩ ላይ ነው የሚጣልበት። መረብ ውስጥ የገባው ቆሮሶ፣ ዓሣው፣ ተደራጅቷል ማለት አይቻልም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ፣ ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት ይችላል ይላል። ጥሩ ነው። ግን የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶችን የመረጥንበት የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ተካሄደ፤ ቀጣዩ በ2010 ሊሆን ሲገባው ተራዘመ። ከታች ያለው ድር በወጉ ካልተደራ የላይኛው ጨርቅ መሳሳቱ አይቀርም።

ሀዋሳ የድርን ኃይል በአይኗ ያየች ከተማ ናት። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ነው የተሰለፈው። ክልል መሆንን የሚወክለው ምልክት ሻፌታ ነበር፣ በጋራ የሚበላበት የሲዳማ ገበታ። 98.5 በመቶው ሻፌታን መረጠ። ጥያቄው በአንድ ቀን አልተወለደም። ለዓመታት በየሰፈሩ፣ በየሽማግሌው ጉባኤ፣ በየምክር ቤቱ ሲደራ የቆየ ነው። ይህንንም መርሳት የለብንም፦ ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2011፣ በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ በተነሳ ግጭት እዚህና በዙሪያው ሰዎች ሞተዋል። ተረቱ ድሩ ምን ያህል እንደሚችል ይነግረናል እንጂ ማንን እንደሚያስር አይመርጥልንም። እሱን የሚመርጡት ክሮቹ ናቸው።

ቦያችን አሁንም አለ። ግን ዘንድሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ውሃው ተመልሶ መንገድ ላይ ወጣ። ዳኛው «በየወሩ መጀመሪያ እሁድ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው፣ አካፋ ይዞ» ብለው ደንቡ ላይ አስጻፉ። የቀረ መቶ ብር ይቀጣል። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ሰውዬ ባለፈው እሁድ እንቅልፍ ጥሎኝ ቀረሁ። ደረሰኙን ገንዘብ ያዧ ራሷ በር አንኳኩታ ሰጠችኝ፣ ጫማዋ ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም።