የመቀየሪያ ወጪ ምንድን ነው? ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው የሶፍትዌር ዋጋ

አዲስ ምጣድ ገዝታ የምታውቅ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ሳታነበው ታውቀዋለች። ምጣድ ገበያ ላይ ዋጋ አለው። አንኳኩቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ተከራክሮ መግዛት ነው። ቤት ሲገባ ግን በዚያው ቀን እንጀራ አይወጣለትም። መሟሸት አለበት። ጎመን ዘር ይታሻል፣ ማገዶ ይነዳል፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተጣብቀው ይቀራሉ። ሊጥ ይባክናል። ምሳ ይዘገያል። ሻጯ ይህን አልነገረችም፤ አልዋሸችም ግን። ማን ጠየቃት?

አንድ ድርጅት ለዓመታት የሠራበትን ሶፍትዌር ትቶ ወደ ሌላ ሲሄድም ነገሩ ይኸው ነው። የአዲሱ ዋጋ ደረሰኝ ላይ ይታያል፤ ማሟሻው አይታይም። የኢኮኖሚ ሰዎች ማሟሻውን የመቀየሪያ ወጪ ይሉታል። ከለመዱት ዕቃ ወይም አሠራር ወደ ሌላ ለመሻገር፣ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚወጣው ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ድካምና ስህተት አንድ ላይ ሲደመር ማለት ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ የነጋዴ ሂሳብ በመሥራት ነው የምተዳደረው። ሰኔ ሲመጣ እንቅልፍ የለኝም። ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። «ልጄ፣ ይሄን የድሮ ሲስተም ጥለን አዲሱን ብናስገባስ? ስንት ነው እሱ?» ስንት ነው የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ሻጩ በአንድ ገጽ ወረቀት ይመልሰዋል። እኔ የምፈራው ገጹ ላይ የሌለውን ነው።

የድሮ ሲስተም ሲባል እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ማለት ነው። የሚገርመው፣ በዚህ ስም የሚሸጥ ሶፍትዌር ከቀረ ቆይቷል። ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከገዛው በኋላ በፈረንጆቹ 2012 ስሙን ሴጅ 50 ብሎታል። እኛ ግን አልሰማንም። የሥራ ማስታወቂያው ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል፤ ማሠልጠኛውም በዚያው ስም ሰርተፊኬት ይሰጣል። ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፒችትሪ የሚያውቅ ልጅ ዛሬ ቢለቅ ነገ ሌላ ይገኛል። አዲሱን የሚያውቅ ግን ከተማው ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ካለም ዋጋውን ያውቃል። ስለዚህ ከመቀየሪያው ወጪ አንዱ ክፍል ከሱቁ ግድግዳ ውጭ ነው ያለው።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍሉ አንድ ደንበኛ አሉኝ። ሚስማር፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም። ሶፍትዌር ሊቀይሩ ወሰኑ። የሻጩ ባለሙያ «ዳታውን በሁለት ቀን እናስገባዋለን» አለ። ቃሉን ጠብቋል። ማስገባቱ ሁለት ቀን ነው የፈጀው። የሚገባውን ዳታ ማጽዳት ግን ስድስት ሳምንት ወሰደ።

አንዱ ሚስማር በሦስት ስም ተመዝግቧል። «ሚስማር ቁ.8» አለ፣ «8 ቁጥር ሚስማር» አለ፣ «ሚስማር 8 ካርቶን» አለ። አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በካርቶን። ለኮምፒውተሩ ሦስት ዕቃ ናቸው። ለዕቃ ቤቱ ሰው አንድ ናቸው። እሱ ስለሚያውቅ ለዓመታት ማንም አልተቸገረም።

የዱቤው ስም ደግሞ የባሰ ነው። «የሐይቁ ሼህ» የሚል አለ። «የሐይቁ ሼህ 2» የሚልም አለ። ሁለተኛው ልጃቸው ነው። የአባትየው ዕዳ ከዓመት በፊት ወደ ልጁ ዞሯል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ግማሹ ተከፍሏል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የትም አልጻፈውም። ለምን ይጽፈዋል? ራሱ እዚያው አለ። አዲሱ ሶፍትዌር ግን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካልተሞላለት ደንበኛ አልመዘግብም አለ። እንግዲህ ሐይቅ ከተማ ድረስ ሰው ተላከ።

ሰው መላክ ወጪ ነው፤ እሱስ ይቆጠራል። ለዓመታት ታምነው የኖሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ «ለመሆኑ ዕዳዎ ስንት ነበር?» ማለት ግን ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ተጠረጠርኩ እንዴ?» ብሎ የሚቀየም አለ። ያንን ቅያሜ በየትኛው የሂሳብ መደብ ላስገባው?

የፊደሉ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ፊደልን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ በልዩ ፎንት ነበር የሚጻፈው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ እስካለ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው። ዳታው ወደ አዲስ ሲስተም ሲሻገር ግን ልብሱ ይቀራል። «ሚስማር» የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቅልቅል ሆኖ ብቅ ይላል። መለወጫ ፕሮግራም አለ፤ ለየፎንቱ ግን የየራሱ ነው፤ ከተለወጠ በኋላም በዓይን መልቀም የግድ ነው። እኛ 2,000 ያህል የዕቃ ስም ለቅመናል። ዓይኔ እስካሁን ያመኛል።

ከዳታው ቀጥሎ እጅ አለ። የሱቁ ካሸር አሮጌው ሲስተም ላይ ከደንበኛ ጋር እያወራች፣ ስልክ በትከሻዋ ይዛ ትሠራ ነበር። አዲሱ ሲመጣ እያንዳንዱን ነገር መፈለግ ጀመረች። ሰልፉ ረዘመ። አንዳንዱ ደንበኛ «ቆይ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ያለነው ወሎ ነውና በክራር ልመስለው። ትዝታ ሲመታ የቆየ ሰው ባቲ ተጫወት ሲባል ጣቱን ብቻ አይደለም የሚቀይረው። ክሩን እንደገና ይቃኛል። ክራሩ ያው፣ ተጫዋቹም ያው፤ እስኪቃኝ ድረስ ግን ዘፈን የለም። ሱቅ ደግሞ እስክቃኝ ጠብቁኝ ማለት አይችልም።

ለዚህ ነው አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን የሚሄዱት። እኔም ይህን እመክራለሁ። ግን ምን ማለት እንደሆነ ይታወቅ። እያንዳንዱ ሽያጭ ሁለቴ ይመዘገባል። ማታ ሁለቱ ባላንስ አይገጥሙም። የ340 ብር ልዩነት ከየት እንደመጣ ሲፈለግ ሦስት ሰው እስከ ሁለት ሰዓት ያመሻል። ያ ማምሸት በሻጩ ወረቀት ላይ የለም።

እነዚህ አንዴ ወጥተው የሚያልቁ ናቸው። የማያልቅም አለ። የሂሳብ ዓመታችን ሐምሌ 1 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ማለት ነው። ፒችትሪ ላይ የየወቅቱን መነሻና መድረሻ ቀን ራሳችን ስለምንሰጠው፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አስረን በሰላም እንሠራ ነበር። አንዳንድ ሶፍትዌር ግን ወር ማለት ከጁላይ 1 እስከ 31 ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ያኔ የቫት ሪፖርት በደረሰ ቁጥር አንድ ሰው ኤክሴል ከፍቶ ቀኖቹን በእጁ ይከፋፍላል። በየወሩ። ሶፍትዌሩ እስካለ ድረስ።

ክፍያው በዶላር ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ዓመታዊ ክፍያውን በዶላር የተስማማ ሰው፣ ሶፍትዌሩ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይጨምርለት ዋጋው እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ኢንተርኔት ካልኖረ የማይሠራውንም እዚሁ ላንሳው። እኛ አካባቢ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ባንክ «ሲስተም የለም» ሲል ወጥተን ሌላ ቀን እንመለሳለን። በራስህ ሱቅ ሲስተም ሲጠፋ ወዴት ትወጣለህ?

የትንሽ ሱቅ ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ሊድል የተባለውን የጀርመን የሱፐርማርኬት ድርጅት ይመልከት። ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ ወደ አዲስ ሲስተም ለመግባት ሠርቶ፣ በ2018 ትቶታል። እስከዚያ ድረስ የወጣው 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። በጊዜው ከተነሱት ምክንያቶች አንዱን ማንም ባለሱቅ ይረዳዋል። ሊድል ዕቃውን የሚመዘግበው በገዛበት ዋጋ ነበር፤ ሶፍትዌሩ የተሠራው በመሸጫ ዋጋ ለሚመዘግብ ነው። ድርጅቱ ልማዱን መተው አልፈለገም፤ ሶፍትዌሩን በልማዱ ልክ ማስፋት ደግሞ ማለቂያ አጣ። ብዙ ጊዜ የምንከፍለው ለዚህ ነው። ወይ ራስህን ለሶፍትዌሩ ትሰፋለህ፣ ወይ ሶፍትዌሩን ለራስህ። ሁለቱም ልብስ ሰፊ ይፈልጋሉ።

የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ ደግሞ በፈረንጆቹ 1999 የተጎዳው በጊዜ ምርጫ ነው። አዲሱን ሲስተም ያስገባው ከረሜላ በብዛት የሚሸጥበት የፈረንጆች በዓል ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትዕዛዝ ሳይደርስ ቀረ። ቸኮሌቱ አልጠፋም፤ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሲስተሙ ነው ማውጣት ያቃተው።

እዚህ ላይ የምጨቃጨቀው ስለ ወሩ ነው። ልብስ የሚሸጥ ሰው ለኢድ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሳምንታት ሲቀሩት አይቀይር። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ግን ሐምሌ ይመቸዋል። ዝናብ ነው፣ ግንባታው ቀዝቅዟል፣ ሂሳብ ተዘግቷል፣ ስቶክ ተቆጥሯል፣ መነሻ ባላንሱ ንጹህ ነው። ጥቅምት ላይ ግንባታው ሲጀምር ካሸሯም እጇ ይፈታል።

ለምሳሌ ያህል ልደምርላችሁ። ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት። ሶፍትዌሩ 80,000 ብር ነው እንበል። ዳታ የሚያጸዱ ሁለት ሰዎች፣ በወር 10,000 ብር እየተከፈላቸው፣ ወር ተኩል ቢሠሩ 30,000። ለሦስት ሰው የሁለት ወር ማምሻ 15,000። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ አድሮ፣ በልቶ 20,000። በሰልፉ ምክንያት በቀን 1,000 ብር ትርፍ ለ30 ቀን ቢቀር 30,000። ድምር 95,000። ማሟሻው ከምጣዱ በለጠ።

ታዲያ አትቀይሩ ማለቴ ነው? አብሽሩ፣ አይደለም። መቆየትም ይከፈልበታል። አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚነሳ ሶፍትዌር፣ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ክራክ ቅጂ፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት የቆመ ዱቤ፣ እነዚህም ዕዳ ናቸው። «ለአሮጌው ስንት አውጥተንበት!» የሚለው ክርክር ግን አይገባኝም። የወጣው ወጥቷል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የመቀየሪያ ወጪ ወደፊት የሚወጣው ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ወይ ያለ ምክንያት ይቆያል፣ ወይ ያለ ሂሳብ ይሄዳል።

ሻጮችም ይህን ወጪ አሳምረው ያውቁታል። መግቢያውን የሚያረክሱት መውጫው ውድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ በቃል ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ እንዲያሳያችሁ። «ነገ ብለቅህ ዳታዬን በኤክሴል አውጣልኝ። ዱቤውን፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ገቢና ወጪ፣ የአምስት ዓመቱን ሽያጭ።» ባላንሱን ብቻ ነው የማወጣው ካለ፣ የሚቀጥለውን መቀየሪያ ወጪ ከአሁኑ እየሸጠላችሁ ነው።

የኔ ደንበኛ በመጨረሻ ወደ አዲሱ ያሻገሩት መነሻ ባላንሱን፣ ስቶኩንና ያልተከፈለውን ዱቤ ብቻ ነው። የቆየው ሽያጭ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል። ገቢዎች ኦዲት ሲያደርግ ያለፉትን ዓመታት ስለሚጠይቅ አይጣልም። መጋዘን ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባው በማዳበሪያ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ዕቃ ቤቱ ሰው በየሁለት ወሩ አብርቶ መነሳቱን ያያል። ባለፈው ሲያበራው ሃርድ ዲስኩ መንጓጓት ጀምሯል። ወደ ሌላ ማሽን ለማዛወር ዋጋ እያጠያየቅን ነው።