አስራት ከየትኛው ብር ላይ ይወጣል?

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ደመወዝ ሲገባ የማይቀር ጥያቄ ነው፤ አስራት የሚሰላው ከግብር በፊት ነው በኋላ? መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ደመወዝ ግብር የሚለው የለም። ዘዳግም 14፥22 የሚያወራው ስለ እርሻ ፍሬ ነው። አንዳንዱ ከጠቅላላው ያወጣል፣ አንዳንዱ እጁ ከገባው። ሁለተኛውን እኔ አልወቅሰውም።

ገበሬው ጋ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ሐይቅ አካባቢ የሰው መሬት በእኩል ያረሰ ሰው 20 ኩንታል ጤፍ ቢያገኝ፣ 10ሩ የባለመሬቱ ነው። የአራሹ አስራት ከራሱ 10 ኩንታል ላይ አንዱ ነው። የቀረውን ባለመሬቱ ይጨነቅበት! ለማዳበሪያ የተበደረው ብር ደግሞ ገቢ አይደለም፤ ብድር አስራት አይወጣለትም።

በኩራት ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው እሸት፣ የመጀመሪያው ደመወዝ።

ምጽዋትስ? ብዙ ሰው ለነዳይ የሰጠውን ከአስራቱ ይቀንሳል። በተለመደው ሥርዓት ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ግን ድሀው ከአስራትም አልተረሳም፤ ዘዳግም 14፥28-29 የሦስተኛውን ዓመት አስራት ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ ይሰጣል። ማቴዎስ 23፥23 ላይ ጌታ የነቀፋቸውም ከአዝሙድና ከእንስላል ሳይቀር አስራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ነው። የሠራተኛውን ደመወዝ ይዞ አስራት የሚቆጥር ሰው መጀመሪያ ደመወዙን ይክፈል።