ሮለር ኮስተር ለመሳፈር ለተነሳ የሰሜን ሸዋ ሰው

ሮለር ኮስተር ዳገት ወጥቶ በሀዲድ ላይ ቁልቁል የሚለቀቅ የመዝናኛ ባቡር ነው። ሰው ከፍሎ ይፈራበታል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ወሬው ሰሞኑን የበዛው በሳዑዲው ‹ፋልኮንስ ፍላይት› ምክንያት ነው። የሚገኘው ከሪያድ ወጣ ብሎ ቂዲያ በሚባለው ቦታ፣ ሲክስ ፍላግስ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ የተከፈተው በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። ባቡሩ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ከፍታው 195 ሜትር ነው፣ ሀዲዱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በሦስቱም የዓለም አንደኛ ነው። ዓረብ አገር የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው በአካባቢያችን ብዙ ስለሆነ ቪዲዮው ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ደርሷል፤ ‹‹እኔም ስሄድ እሳፈራለሁ›› የሚለውም በዝቷል።

ስሜቱን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ከሆናችሁ፣ ሾፌሩም ቸኩሎ አንዷን ጉብታ ሳያበርድ ካለፋት፣ ወገባችሁ ከወንበሩ ይነሳል፣ ሆዳችሁም ባዶ ይሆናል። ሮለር ኮስተር እሷኑ ቅጽበት እየደጋገመ የሚሸጥ ነገር ነው። የቂዲያው ደግሞ ጡወይቅ ከሚባለው ተራራ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚወረወረው። ምኒልክ መስኮት ቆማችሁ ወደ ቆላው አይታችሁ ከሆነ ገባችሁ። ልዩነቱ እዚያ ሾፌር የለም፣ ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክም የለም።

ነገሩ የተጀመረው በበረዶ ነው። ሩሲያ ውስጥ፣ በተለይ በሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ፣ በእንጨት በተሠራ ኮረብታ ላይ በረዶ አልብሰው ይንሸራተቱበት ነበር። በ1817 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ጎማ ያለው ጋሪ ሀዲድ ላይ ወጣ። በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ አንዱን ተክሎ በ5 ሳንቲም ያሳፍር ጀመር። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ ይቀድመዋል። በ1919 ጆን ሚለር የተባለ መሐንዲስ ከሀዲዱ ሥር የሚገባውን ጎማ የፈጠራ መብት አወጣበት። ባቡሩ ሀዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ያቀፈው ያኔ ነው፤ ቁልቁለቱን ማጥለቅም የተደፈረው ከዚያ ወዲህ ነው። የብረት ቱቦ ሀዲድ የመጣው በ1959 ዲዝኒላንድ ውስጥ ነው።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፍርሃቱን የሚያቀለው እሱ ነውና። በተለመደው ዓይነት ሞተሩ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ሰንሰለት ባቡሩን አናት ላይ ያደርሰውና ይለቀዋል፣ ከዚያ የሚነዳው የመሬት ስበት ነው። ስትወጡ የምትሰሙት ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ነው። ሰዉን በጣም የሚያስፈራው ይኸው ድምፅ መሆኑ ያስቀኛል፤ ጠባቂያችሁ እኮ ነው። ከ100 ሜትር ከፍታ የወረደ ባቡር፣ ፍትጊያና ነፋስ ባይኖር፣ ታች ሲደርስ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ፍትጊያው ግን ስላለ ቀጣዩ ዳገት ከመጀመሪያው ዝቅ ማለት አለበት። 250 ለመድረስ ስበት ብቻ አይበቃም፤ ስለዚህ አዳዲሶቹን ማግኔት ይገፋቸዋል። ፍሬናቸውም ብዙ ጊዜ ማግኔት ነው፤ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዝርግ በማግኔቶች መሀል ሲያልፍ በራሱ ይዘገያል። መብራት ቢሄድም ይይዛል። ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማጽናኛ የለም።

አሁን ወደ ጉብኝቱ። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ቀኑን የሚበላው ወረፋው ነው። አዲስና ዝነኛ ኮስተር ላይ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት መቆም የተለመደ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ ይብሳል፤ የእኛ እህቶች እረፍት የሚያገኙት ዓርብ በመሆኑ ምርጫ ላይኖራቸው ይችላል እንጂ የሥራ ቀን ይሻል ነበር። በሩ ሲከፈት ፎቶ ሳትነሱ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሂዱ። ብዙ ፓርክ ለብቻው ለመጣ ሰው የተለየ መስመር አለው፤ ባዶ ቀሪ ወንበር ስለሚሞላበት ቶሎ ይሄዳል፣ ግን ከጓደኛ ጋር አያስቀምጥም። ነፋስ ከበረታ ወይም መብረቅ ከታየ ያቆሙታል፣ መጨቃጨቅም አያዋጣም።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ የብረት መያዣው ጭናችሁ ወይም ትከሻችሁ ላይ ይወርዳል፣ ሠራተኛው ጎተት አድርጎ ይፈትሸዋል። ነጠላና ሻሽ ይወልቃል ወይም ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ስልክ ሎከር (የሚቆለፍ ሳጥን) ይገባል፣ የአንገት ሀብልና መስቀል ልብስ ውስጥ ይገባል። አቡዳቢ ያለው ‹ፎርሙላ ሮሳ› ላይ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ማለት ነው፣ አሸዋና ነፍሳት ዓይን እንዳይመታ መነጽር ይሰጣሉ። ፊት ወንበር እይታው ጥሩ ነው፤ ኋላ ወንበር ግን አናቱን ሲያልፍ በኃይል ስለሚጎተት መነሳቱ ይበረታል። እኔ ብጠየቅ የኋላውን እላለሁ።

ልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የጀርባ ወይም የአንገት ችግር ያለበት፣ እርጉዝም ብትሆን፣ ባይሞክሩት ይሻላል። በትልልቆቹ ላይ ቁመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልሞላ ልጅ አይገባም፤ ‹‹ትልቅ ነው እኮ፣ አሥር ዓመቱ ነው›› ብሎ መማለድ እዚያ አይሠራም፣ በሜትር ነው የሚለኩት። ጠግቦ ክትፎ በልቶ መሳፈርም፣ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ቆይቶ መሳፈርም ያጥወለውላል። ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ ውኃ መጠጣት ነው።

ሳዑዲ ድረስ የማይሄድ ሰው ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ እንጦጦ ፓርክ አለለት። በ2013 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ ዚፕላይን (በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተቻ) እና ጎ ካርት (ትንሽዬ የመወዳደሪያ መኪና) አለው። ቢሾፍቱ ደግሞ የኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ ከነመንሸራተቻዎቹ አለ። ሮለር ኮስተር አይተኩም፣ ግን ቪዛ አይጠይቁም።