የዘር ሐረግ ፍለጋ በጣና ዳርቻ

በእኛ አገር የአባት ስም ይቀጥላል፣ የእናት ስም ይቀራል። አንድ የባሕር ዳር ልጅ ሙሉ ስሙን ሲናገር አባቱንና አያቱን አብሮ ይጠራል። ሴት አያቱ ግን የሉበትም። እሳቸውን ለማግኘት መሬቱን መጠየቅ ነው።

በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። መሬት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ቦታውን ያቀናውን አባት ይጠራል። ከዚያ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። መሃል ላይ ሴት ካለች እሷም ትጠራለች፤ ከተዘለለች ቆጠራው ይበጠሳል። ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ነው። ሽማግሌዎች ያን ሁሉ ስም በቃላቸው የያዙት ለዚህ ነው። ቢሆንም ለርስት የተቆጠረ ትውልድ ለሙግት የተቆጠረ ነው። ባላጋራን ለመርታት ሲባል ስም ይዘለላል፣ ይጨመራል። ስለዚህ የተሟጋቹንም ወገን መስማት ይበጃል።

የንጉሡን ዘመን የመሬት ልኬት መዝገብ እዚህ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቀናውም። የጎጃም ገበሬ «ከተለካ ርስቴ ይወሰዳል» ብሎ ሰግቶ ልኬትን አጥብቆ ተቃውሟል። በ1960 ዓ.ም. ገደማም በእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ አምጿል።

የቆየው ጽሑፍ ያለው በአድባራትና በገዳማት ነው። የጉልት (ከመሬት ግብር የመብላት መብት) ስጦታ፣ ከጎንደር ዘመን ወዲህ ደግሞ የመሬት ሽያጭ፣ በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭና ገዢ ይጠቀሳሉ፣ ምስክሮች ይደረደራሉ፣ ውሉን ለሚያፈርስ ውግዘት ይከተላል። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶች አሉ። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ይሄ ነው።

ብራና ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት የክርስትና ስም ነው፤ ወልደ እገሌ፣ ወለተ እገሌ። በጣናዋ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ እንኳ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የአያታችሁን የክርስትና ስም ካላወቃችሁ ፍትሐታቸው ላይ የነበረ ቄስ ወይም የንስሐ አባታቸው ያውቁ ይሆናል። ደግሞ የጣና ደሴት ገዳማት የሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እህቶች እዚያ የሚሄድ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ራሳቸው ገብተው መጠየቅ ይችላሉ።

ዓመት ማወቅ ሌላው ፈተና ነው። አረጋውያን «በጣሊያን ጊዜ፣ በዘመነ ማርቆስ ተወለደ» ይሏችኋል። ይህ በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው። በየዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጣሊያን የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ነው። በዚያ መካከል ዘመነ ማርቆስ አንዴ ብቻ ነው የገባው፣ በ1930።

የመሬት ወረቀት ሁሉንም ሰው አይዝም። ነገደ ወይጦዎች ጣና ዳር ደንገል እያጨዱ፣ ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ናቸው፤ በርስት ቆጠራ ግን አይገኙም። እነሱ ዘንድ ታሪኩ ያለው በሽማግሌዎችና በእናቶች አንደበት ብቻ ነው። በእኔ እምነት መቅዳት መጀመር ያለበት ከዚያ ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ የቀበሌ ቤት ፋይልና የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅደር ይረዳል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ስለጀመረ ለልጆቻችን እንጂ ለአያቶቻችን አይደርስም።

በ1967ቱ አዋጅ ርስት ቀረ፤ ትውልድ መቁጠርም መሬት ማስገኘቱን አቆመ። ከዚያ የገበሬ ማኅበር መጣ፣ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደረገ፣ በኋላም የይዞታ ደብተር መታደል ጀመረ። ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ወይም መሸንቲ ዘመድ ካላችሁ ደብተሩን አውጥተው እንዲያሳዩዋችሁ ለምኗቸው። የማሳው አዋሳኞች በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ በስም ተጽፈዋል። እነዚህ አዋሳኞች ብዙ ጊዜ የወንድም ወይም የአክስት ልጆች ናቸው። የባልና የሚስት ፎቶም አለበት። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ስለዚህ ከሚስቲቱ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የራሷ አባት ስም ነው።