ሐዋሳ፦ የሴቶች ሥራ፣ ገቢና በገንዘብ የመወሰን መብት

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች። በኢትዮጵያ ስለ ሴቶች የኢኮኖሚ አቅም ሲወራ ስሟ በቅድሚያ የሚነሳው በኢንዱስትሪ ፓርኳ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ፓርኩ ከመሠራቱ በፊትም ሴቶች የከተማዋንና የአካባቢዋን ገበያ በጀርባቸው ተሸክመው ኖረዋል። ስለዚህ ስንት ሴት ሥራ አገኘች ከሚለው ጋር፣ ከሥራው በሚገኘው ገንዘብ የሚያዝበት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሲዳማ ገጠር እንሰት መትከልና ማዛወር በአብዛኛው የወንድ ድርሻ ነው። እንሰቱ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ድካም በሙሉ ግን የሴቷ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ከግንዱ የተላጠውን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ በእግሯ ትይዘውና በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቀዋለች። ሥሩም ይከተከታል። ሁሉም ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከፍቂው የተጨመቀው ውኃ ሲጠል ከሥር የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው፤ ገበያ ላይ ከቆጮ የበለጠ ዋጋ ያወጣል። በልማድ የቡላና የቅቤ ሽያጭ ገንዘብ በሴቷ እጅ ይቆያል። ጨውና ሳሙና የሚገዛው፣ የልጆች ደብተር የሚሟላው ከዚያ ነው። ቡናና ከብት ሲሸጥ ግን ገንዘቡን የሚቆጥረው ባል ነው። ትንሹ ገቢ የእሷ፣ ትልቁ የእሱ የሚሆንበት ይህ ክፍፍል ቤተሰቡ ከተማ ሲገባም አብሮት ይገባል።

ሲዳማዎች ለሴት ጥቃት ጥንታዊ መልስም አላቸው። ያካ የሚባለው የሴቶች ስብስብ ቃሪቴ በምትባል ሴት መሪ ተጠራርቶ ይነሳና በደል ያደረሰውን ወንድ በሽማግሌዎች ፊት እንዲጠየቅ ያስገድዳል። ሴቶች በጋራ መቆምን ከውጭ በመጣ ፕሮጀክት የተማሩ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

በጽሑፍ ያለው ሕግ ከብዙ ሰው ግምት በላይ ርቆ ሄዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት በማፍራት፣ በማስተዳደርና በመውረስ ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ደነገገ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ፤ የጋራ ንብረትንም ባልና ሚስት በጋራ እንዲያስተዳድሩ አዘዘ። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡት ከዚህ በኋላ ነው። በገጠር መሬት ምዝገባም የይዞታ ደብተር በባልና ሚስት የጋራ ስም መስጠት ተጀመረ። በእኔ እምነት ከእነዚህ ሁሉ ለገጠሯ ሴት ትልቁን ዋስትና የሰጣት ይህ ደብተር ነው፤ ባል ቢሞት ወይም ፍቺ ቢመጣ በእጇ የምታሳየው ወረቀት አላትና።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀውን ግንባታ አንድ የቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ያህል አጠናቀቀው። በውስጡ 52 ሼዶች አሉት፤ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያም ተተክሎለታል። በሙሉ አቅሙ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎች አጎራባች አካባቢዎች ገጠር የመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ ያዩ ናቸው።

በልብስ መስፊያው መስመር ላይ አንዲት ሠራተኛ ሙሉ ሸሚዝ አትሰፋም። አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ፣ ሌላዋ ቁልፍ ብቻ ይደርሳታል። በየሰዓቱ መድረስ ያለበት ቁጥር አለ፤ አንዷ ስትዘገይ ከኋላዋ ያለችው እጇን አጣጥፋ ትቆማለች፣ ሱፐርቫይዘሩም ይመጣል። ፍጥነትና ሥርዓት የሚለመደው እዚህ ነው። ሙያውን በሙሉ የማወቅ ዕድል ግን ጠባብ ነው፤ ለዓመታት ኮሌታ የሰፋች ልጅ ከፓርኩ ስትወጣ የራሷን የልብስ ስፌት ቤት ለመክፈት ብዙ ይቀራታል።

ደመወዙ ዋናው ቁስል ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነበር። በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ ደግሞ 207 ዶላር ይከፈል ነበር። በዚህ ገንዘብ ሐዋሳ ውስጥ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት የለችም። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ምግብ በጋራ ያበስላሉ፤ ከተረፈም ለወላጅ ይላካል። ፓርኩ በተከፈተባቸው ዓመታት ሠራተኞች በብዛት የለቀቁት ስንፍና ይዟቸው ነው ሲባል ተሰምቷል። ይህ አባባል ፍትሕ የጎደለው ነው። ስሌቱን የሠሩት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ኪራይና ቀለብ ተቀንሶ ምንም ካልቀረ ወደ ቤት መመለስ ብልህነት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል። ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራም አግዷል። ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ግን አዋጁ ራሱ አልወሰነውም፤ ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ አለፈ።

የፓርኩ ሠራተኞች ዕጣ ከከተማዋ ርቆ በሚወሰን ነገርም ይናወጣል። በኮቪድ ወቅት ትዕዛዝ ሲቀንስ ብዙዎች ወደ ገጠር ተመለሱ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ ዋና ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ የምትልክበት የአጎዋ ዕድል ተቋረጠ። በጦርነቱ ውሳኔ ላይ ድምፅ ያልነበራት በሐዋሳ የዳቶ ወይም የጨፌ ሰፈር ተከራይ ልጅ ቀድማ ከሥራ ወጣች።

ከፓርኩ ውጭ ያለው ሰፊ ዓለም የጉልት፣ የእንጀራ፣ የሻይ ቡናና የአነስተኛ ሱቅ ዓለም ነው። እዚህ እቁብ የብዙዎች ባንክ ነው፤ የእቁብ ዕጣ የደረሳት ነጋዴ ወለድ ሳትከፍል ዕቃ ታስገባለች። ሥራዋ ሲሰፋ ግን እቁብ አይበቃትም። የማይክሮ ፋይናንስ የቡድን ብድር ትንሽ ነው፤ ባንክ ደግሞ ቤት ወይም መኪና አስይዢ ይላል፣ የቤቱ ካርታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2004 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የ50 ሚሊዮን ዶላር ብድር የጸደቀው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት ሐዋሳንና አዳማን ጨምሮ በስድስት ከተሞች ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ወደ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት እየሄደ ለሴቶች በየግላቸው በብድር ተሰጠ፤ ሥልጠናም ተጨመረበት።

ሌላው መንገድ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ተመዝግቦ ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። በሐዋሳ ሁለት የስፌት ማሽን፣ ማቀዝቀዣ ወይም የእንጀራ ምጣድ ያላት ሴት ካርታ ሳትይዝ ወደ አበዳሪ የምትቀርብበት በር ይህ ነው። ሕጉ ይሠራ ዘንድ ግን በየቅርንጫፉ ያለው የብድር ሠራተኛ የማሽኗን ዋጋ መገመት ማወቅና መያዣነቱን ለመቀበል ፈቃደኛ መሆን አለበት።