ቮላኖ ማቅለል በጅማ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ቮላኖ በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ፣ በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መካከል የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ነው። የፍሪሲዮን ሸራ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሞቶሪኖው ሞተሩን የሚያስነሳውም በቮላኖው ዙሪያ ያለውን ጥርስ ይዞ ነው። ቮላኖ ማቅለል ማለት ይህን ብረት በቶርኖ (ብረት በሚልጥ ማሽን) መላጥ፣ ወይም ከመጀመሪያው በቀላል በተሠራ መተካት ነው። ዓላማው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ከቆመበት ቶሎ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ያህል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስን ማንሳት ይቻላል።

ጅማ ከመኪና ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ከተማዋን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሠርት ዓመታት የቡና ጭነትም መኪና ወደ ከተማዋ አምጥቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ማሻሻል የብዙ ሰው ምርጫ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቀላል ቮላኖ ለሞተሩ አንዲት የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። የሚያደርገው ሞተሩ የራሱን ብረት ለማፍጠን የሚያውለውን ጉልበት መቀነስ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ጉልበቱ ሁለት ቦታ ይሄዳል፤ ገሚሱ መኪናውን ይገፋል፣ ገሚሱ ቮላኖውን ያፈጥናል። እዚህ ላይ ከክብደቱ ይልቅ ክብደቱ ያለበት ቦታ ይበልጣል። ከመሃል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን አንድ ኪሎ ብረት ለመፍጠን ያለው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዳር የተላጠ ብረት ብዙ የሚያቀለው ለዚህ ነው። ከመሃል የተላጠው ግን ብረቱን ከማድከም በቀር ብዙ አይፈይድም።

በቁጥር እንየው። ከመሃል 12 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 3 ኪሎ ተላጠ እንበል። የጎማው ራዲየስ 28 ሴንቲ ሜትር፣ የ1ኛ ማርሽ ብዜት (ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞርበት ብዛት) ከዲፈረንሻሉ ጋር 14 ቢሆን፣ መኪናው ሲነሳ 108 ኪሎ ገደማ የቀለለ ያህል ነው። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ወርደዋል ማለት ይቻላል። በ4ኛ ማርሽ ብዜቱ ወደ 4 ሲወርድ ግን ጥቅሙ 9 ኪሎ አይሞላም። ለዚህ ነው ለውጡ በመነሻ ላይና በ2ኛ ማርሽ በደንብ የሚሰማው፣ በአውራ ጎዳና ላይ ግን የሌለ ያህል የሚሆነው። የከፍተኛ ፍጥነት ጣሪያውም አይቀየርም።

የከተማዋ ከፍታም መታሰብ አለበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ቀላል ቮላኖ ይህን አይመልስም። መኪናው ዳገት ላይ የሚደክመው በካርቡሬተር ወይም በካንዴላ ችግር ከሆነ፣ ቮላኖ ከመንካት በፊት ያንን ማስተካከል ይቀድማል።

ሥራው የቶርኖ ባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ ጅማ ደግሞ በዚህ አትታማም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ በወረቀት የሚያሰላውን፣ የከተማዋ ቶርኖ ሠራተኛ በዓይኑና በመለኪያው ያገኘዋል። ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይፈታል፣ ቮላኖው ቶርኖ ላይ ይታሰራል። የሚላጠው ወደ ሞተሩ በሚያየው ፊቱ በኩል፣ ወደ ዳሩ ነው። ሸራው የሚያርፍበት ፊት የሚነካው ለማስተካከል ያህል ብቻ ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ አካባቢና የሞቶሪኖው ጥርስ የተቀመጠበት ጠርዝ አይነኩም። በመጨረሻ ባላንስ ይደረጋል። ባላንስ ያልተደረገ ቮላኖ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፣ የክራንክሻፍቱንም ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ማረፊያ) ይበላል። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ሸራውን፣ ኩሽኔታውንና የኋላውን የዘይት ጎሚኒ አብሮ መቀየር ብልህነት ነው። ሁለተኛ የማውረጃ ዋጋ ያድናል።

አደጋውን አቅልሎ ማየት አይገባም። ራዲየሱ 13.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቮላኖ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር ዳሩ በሰዓት 305 ኪሎ ሜትር ያህል ይከንፋል። አብዛኛው የፋብሪካ ቮላኖ ከጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ፣ ተሰባሪ ብረት) የተሠራ ነው። ጊዛ ሲሳሳና በፍሪሲዮን ሙቀት ሲመታ ይሰነጠቃል። ከተበተነ የካምቢዮውን ቤት በስቶ የሾፌሩ እግር ጋ ሊደርስ ይችላል። ለውድድር የሚዘጋጁት ከብረት ቢሌት (ከአንድ ወጥ ጥርብ ብረት) ወይም የብረት ፊት ካለው አሉሚኒየም የሚሠሩት ለዚህ ነው። አቅም ያለው እነሱን ቢገዛ ይሻላል። የተላጠ ጊዛ የሚገጥም ሰው ሲያስልጥ በጣም ቢቆጠብና ሞተሩን በዙር መለኪያው ላይ በቀይ እስከተመለከተው ዙር ባያስጮኸው ይመረጣል።

የሚታጣም ነገር አለ። ከባድ ቮላኖ የሞተሩን ምት ያለሰልሳል፤ ሲቀል ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ ካምቢዮውም ኒውትራል ላይ ሊንኳኳ ይችላል። ሲነሱ ፍሪሲዮን ቶሎ ከተለቀቀ ሞተሩ ይጠፋል። በክረምት ጭቃ ውስጥ፣ ወይም በከተማው ገበያ አካባቢ ባለው መቆም መነሳት ይህ ያሰለቻል። በሌላ በኩል ማርሽ ሲቀየር ዙሩ ቶሎ ይወርዳል። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ሲወረድ ማርሽ ለመቀነስ ነዳጅ ነካ ሲደረግም ሞተሩ ወዲያው ይታዘዛል። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ መንዳት የሚወድ ሰው ይገባዋል። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። መቆም በበዛበት ከተማ ትንሽ ሊያግዝ ይችል ይሆናል፤ በረጅም ጉዞ ግን ልዩነት የለውም።

ሁሉም መኪና አይመቸውም። ሰውና ጭነት የሚያበዛ ሚኒባስ፣ እንዲሁም እንደ አይሱዙ ያለ የጭነት ዲዝል ከባድ ቮላኖውን ይፈልገዋል፤ ጭኖ የሚነሳው በእሱ ነው። በውስጡ ስፕሪንግ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ጨርሶ አይላጥም። አውቶማቲክ ቪትዝ ላይ ደግሞ የሚላጥ ነገር የለም፤ በቮላኖው ቦታ ያለው ስስ ሳህን ነው፣ ክብደቱን የሚይዘው ቶርክ ኮንቨርተሩ (ጉልበቱን በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ነው።