የብርሃን ቆይታ እና የፍራፍሬ ዝንብ ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት የረጅም ጊዜ መላመድ

ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር የተባለችው የፍራፍሬ ዝንብ ውህድ ዐይን ወደ 750 ከሚጠጉ ንዑሳን ዐይኖች የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ንዑስ ዐይን ስምንት ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አሉት። ብርሃን የሚይዘው የህዋሱ ክፍል ራብዶሜር ይባላል፤ እንደ ብሩሽ ጸጉር ተጠጋግተው የቆሙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዘንጎች ስብስብ ነው። እዚያ ያለውን ሮዶፕሲን (ብርሃን የሚቀበለውን ፕሮቲን) ብርሃን ሲያገኘው ምልክቱን የሚያስተላልፉት ጂ-ፕሮቲንና ፎስፎሊፔዝ ሲ በየተራ ይነቃቃሉ፣ ቲአርፒ እና ቲአርፒኤል የተባሉት የአዮን መተላለፊያዎች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች በህዋሱ ሽፋን የሚያልፉባቸው ፕሮቲኖች) ይከፈታሉ፣ ካልሲየምም ወደ ህዋሱ ይገባል።

ህዋሱ በሰከንዶች ውስጥ ከብርሃኑ መጠን ጋር የሚያደርገው ፈጣን መላመድ በዋናነት የዚህ ካልሲየም ሥራ ነው። ብርሃኑ ለሰዓታት ሲዘልቅ የሚሆነው ግን ከዚህ ይለያል፤ ህዋሱ ፕሮቲኖቹን ከቦታ ቦታ ያዛውራል። በጨለማ ራብዶሜሩ ውስጥ የሚቀመጠው ቲአርፒኤል ብርሃን ሲበራ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ራብዶሜሩ ሥር ይወርዳል፣ ከሰዓታት በኋላም ወደ ህዋሱ አካል ይገባል፤ ጨለማ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። ቲአርፒ በበኩሉ ኢናዲ ከተባለው ደጋፊ ፕሮቲን ጋር ስለተያያዘ ከቦታው አይነቃነቅም። በጨለማ የቆየች ዝንብ ለደብዛዛ ብርሃን ይበልጥ ንቁ የምትሆነው ቲአርፒኤል ራብዶሜሩ ውስጥ በመኖሩ ነው።

ይህን ዝውውር በሕይወት ባለች ዝንብ ላይ ማየት ይቻላል። ቲአርፒኤል ከአረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ጋር ከተያያዘ፣ በጨለማ የቆየችው ዝንብ ዐይን በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ራብዶሜሮቹ ተለያይተው እንደ ነጠብጣብ ያበራሉ፤ ለሰዓታት ብርሃን ካገኘች በኋላ ግን ነጠብጣቦቹ ይደበዝዛሉ። ቲአርፒ በሌላቸው ዝንቦች ዝውውሩ ስለሚስተጓጎል፣ ቲአርፒኤልን የሚያስወጣው በሌላው መተላለፊያ የገባው ካልሲየም እንደሆነ ይታሰባል፤ ከዚህ ሁሉ ትኩረት የሚስበውም አንዱ መተላለፊያ ሌላውን ከቦታው ማስለቀቁ ነው። (ቲአርፒ የሚለው ስም የመጣው በ1969 ከተገለጸ የዝንብ ሚውታንት (ዘረመሉ የተለወጠ ዝንብ) ነው፤ የዚያ ዝንብ ዐይን ብርሃኑ ሳይጠፋ ምላሹን ያቋርጣል።)

ጂ-ፕሮቲንም በብርሃን ከራብዶሜሩ ይወጣል፣ አሬስቲን 2 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ የነቃውን ሮዶፕሲን ለማስቆም ወደ ራብዶሜሩ ይገባል። በአከርካሪ እንስሳት ሮድ ህዋሳትም (በደብዛዛ ብርሃን ለማየት በሚያገለግሉት የዐይን ህዋሳት) ተመሳሳይ የጂ-ፕሮቲንና የአሬስቲን ዝውውር ይታያል። የዝንቧ ህዋስ ለአንድ ዓይነት ብልጭታ የሚሰጠው ምላሽ ቀደም ሲል በቆየችበት ብርሃን የሚለያይ በመሆኑ፣ በዚህ መስክ ለሙከራ የሚዘጋጁ ዝንቦች በጨለማ ወይም በብርሃን ስንት ሰዓት እንደቆዩ ተለይቶ ይመዘገባል።